ሁሉም ግንቡን ይፈልጋል

ጎንደር ውስጥ ሎጎ ላሠራ ብሎ የሚመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው ዋጋ ነው። ሁለተኛው "የፋሲል ግንብ ይግባበት" ነው። ሆቴሉ ግንብ፣ ፋርማሲው ግንብ፣ ጎማ ቤቱ ግንብ። አንድ ጊዜ የጥርስ ክሊኒክ ሊከፍት የነበረ ሰው ጥርሱ ራሱ ግንብ እንዲመስል አድርጌ እንድሥልለት ጠየቀኝ። ሣልኩለት። ያኔ ጀማሪ ነበርኩ፤ እምቢ ማለት አላውቅም ነበር።

ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ካለች ጠባብ ክፍል ቁጭ ብዬ ዲዛይን መሥራት ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በቅርቡ ሙያውን የጀመሩ ልጆች እየመጡ ይጠይቁኛል። የሚጠይቁኝ ስለ ፎቶሾፕ አይደለም፤ እሱን ዩቲዩብ ይበቃቸዋል። የሚቸግራቸው ሰውየው ነው። "እሺ ብሎኝ ሄዶ ጠፋ"፣ "አምስቴ አስቀየረኝ"፣ "ከታተመ በኋላ አልፈልገውም አለ"። እኔም በዚያው መንገድ ስላለፍኩ ያየሁትን ልጻፍ።

ከግንቡ ልጀምር። ግንቡን አልጠላም፤ እንዴት እጠላለሁ? ዐፄ ፋሲል ከተማዋን እ.ኤ.አ. በ1636 ቆርቁረው ያቆሙት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ግቢ ከመስኮቴ ብዙም አይርቅም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ሰው ካደረገው ማንንም ከማንም አይለይም። ሁለተኛ፣ ቅርጹ ለትንሽ ነገር አይመችም። አራት ክብ ማማ አለው፤ ከየማማው ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት፤ ዳር ዳሩን ጥርስ ጥርስ ያለው ግንብ። ይህን ሁሉ አሳንሳችሁ ማህተም ላይ ስታስገቡት የፈሰሰ ቀለም ነው የሚመስለው።

ይህ የገባኝ በአንዲት ባልትና ነው።

ቅዳሜ ገበያ አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን የሚሸጡ እትዬ መጡ። ለፌስታሎቻቸው የሚለጠፍ ስቲከር ፈለጉ። ምን ምን ይግባበት ስላቸው ዘረዘሩልኝ። ሙቀጫ፣ ቀይ በርበሬ፣ ግንቡ፣ የራሳቸው ፎቶ፣ ሁለት ስልክ ቁጥር፣ "ጥራት መለያችን ነው" የሚል ጽሑፍ። ስቲከሩ ስምንት በአሥር ሴንቲ ሜትር ነው። ሁሉንም አስገባሁት። እንዲያውም ኮራሁ፤ ምንም ሳላስቀር ስላጣበቅሁት። አንድ ሺህ ታተመ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። አልተቆጡም። "ልጄ፣ ቆንጆ ነው" አሉኝ። "ግን ሰው አያየውም።"

በማግሥቱ ማለዳ ሱቃቸው ሄድኩ። ስቲከሩን ልከላከል ነበር የሄድኩት፤ እውነቱን ለመናገር። ቡና አፈሉልኝ፤ ዱካ ላይ ቁጭ ብዬ ገዢውን ሳይ አረፈድኩ። ሦስተኛዋ ይሁን አራተኛዋ ገዢ ስትገባ "እትዬ፣ ያችን ባለ ቢጫ ክሯን በርበሬ ስጡኝ፤ የባለፈውን" አለች። ቢጫ ክር? ትንሽ ቆይቶ አንድ ልጅ መጣ። "እማዬ ባለ ቢጫ ክሩን ሽሮ አምጣ ብላኛለች።" ለካ እትዬ የፌስታሎቹን አፍ የሚያስሩት በቢጫ ክር ነው። ወንድማቸው ልብስ ሰፊ ነበር፤ የተረፈውን ክር እየሰጣቸው ነው የጀመሩት። ሌላው ሱቅ በላስቲክ ወይም በክብሪት አቃጥሎ ነው የሚዘጋው። ለእሳቸው ክሩ ምንም አይደለም። ለገዢው ግን ስማቸው እሱ ነበር።

ስቲከሩን እንደገና ሠራሁት። ነጭ መደብ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ አንድ ቢጫ መስመር፣ መሃሉ ላይ እንደ ቋጠሮ ያለ ነገር፣ ከሥሩ ስማቸው በትልቁ። የዕቃው ስም ብቻ ቀለሙ ይለያያል፤ በርበሬው ቀይ፣ ሽሮው ቡናማ። ሳሳያቸው ዝም አሉ። ከዚያ "ግንቡስ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ ግንቡ የከተማው ነው። ክሩ ግን የእርስዎ ብቻ ነው።"

"እስቲ ልጆቼን ልጠይቅ" ብለው ወጡ። ልጆቹ አራት ናቸው። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ሳልከፍት በፊት ሄጄ አያለሁ። ሱቅ ከሆነ ሱቁን፣ ታፔላ ከሆነ የሚሰቀልበትን ግድግዳ። "ምን ዓይነት ሎጎ ትፈልጋላችሁ?" ብዬ መጠየቅም አቆምኩ። ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ "አሪፍ አድርገህ ሥራልኝ" ነው የሚላችሁ። ይልቅ "ደንበኞቻችሁ ሱቃችሁን ለሌላ ሰው ሲጠቁሙ ምን ብለው ነው?" እላለሁ። የሚመጣው መልስ ይገርማችኋል። "ባለ ሰማያዊ በሩ"፣ "ወፍራሙ ሰውዬ ያለበት"፣ "ዛፏ ሥር ያለው"። ከነዚህ አንዱ ከማንኛውም ግንብ ይበልጣል። ቀጥዬ ማን እንደሚያየው እጠይቃለሁ። እግረኛ ነው ወይስ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው? ባጃጅ ውስጥ ያለው ሰው የሚያነበው ሁለት ቃል ቢሆን ነው።

ስለ ታፔላ ካነሳን የአዘዞ መንገዱን ልንገራችሁ። ለአንድ ቡና ቤት ቀጭን፣ የሚያምር ፊደል መርጬ "ቡና" ብዬ በትልቁ ጻፍኩ። ስክሪን ላይ ልብ ይሰርቃል። ተሰቀለ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ሳየው "በና" ነው የሚለው። የ"ቡ" ጎን ላይ ያለችው ጭረት ቀጭን ስለነበረች ከሩቅ ጠፋች። ባለቤቱ እንኳ አላየውም፤ አብረውት የሚሠሩት ልጆች ግን ለአንድ ወር "በና ቤት" እያሉ ሳቁበት።

ይህ የእኛ ፊደል ጠባይ ነው። የላቲኑን ፊደል የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አይነግሯችሁም። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚቀይረው በትንሽ ጭረት ነው። "በ" እና "ቡ"፣ "ቡ" እና "ቢ" የሚለያዩት ጭረቷ ባለችበትና በሌለችበት፣ መሃል ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ነው። ስለዚህ ለታፔላ ጭረቱ ወፍራም የሆነ ፊደል ምረጡ። ለትንሽ ጽሑፍ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በጣም ወፍራም ፊደል ሲያንስ የ"ፀ"፣ የ"ጨ"፣ የ"ቋ" ውስጡ ይሞላና ድፍን ይሆናል። በመስመሮቹ መካከልም ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ክፍተት ስጡ። እና እባካችሁ፣ ቦታ እንዲሞላ ብላችሁ ፊደሉን ወደ ጎን አትለጥጡት። የተለጠጠ ፊደል ሳይ ያመኛል፤ ከተማው ሞልቶታል። እኔ ሥራ ከማስረከቤ በፊት ዲዛይኑን በኤ ፎር አትሜ ግድግዳ ላይ እለጥፍና ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኜ አነበዋለሁ። አንዳንዴ የጎረቤቱን ሊስትሮ ልጅ ጠርቼ አስነብበዋለሁ። እሱ ከተንተባተበ እቀይረዋለሁ።

ሌላው የፊደል ጣጣ የድሮዎቹ ፎንቶች ናቸው። አሁንም ጽሑፍ በፓወር ግዕዝ ተይቦ የሚያመጣ ደንበኛ አለ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ማለት ነው፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ከኋላቸው ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ስትከፍቱት አማርኛው ይጠፋና የማይነበብ ዝርክርክ ይመጣል። አንድ የሠርግ ጥሪ ወረቀት እንዲህ ሆኖ ሊታተም ለጥቂት ተርፏል፤ የማተሚያ ቤቱ ልጅ ደውሎ "ይሄ ምን ቋንቋ ነው?" ብሎ ባይጠይቅ ኖሮ አልቆልኝ ነበር። ኖቶ፣ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ በመሳሰሉ የዩኒኮድ ፎንቶች ሥሩ። ወደ ማተሚያ ቤት ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ለውጡት፤ አውትላይን የሚባለውን። ከዚያ ማንም ጋ ቢከፈት አይበላሽም። ኦርጅናሉን ሳትለውጡ ለራሳችሁ ማስቀረቱን ግን አትርሱ፤ ነገ ስልክ ቁጥር ሲቀየር ያስፈልጋችኋል።

ስልክ ቁጥር ስል ታወሰኝ። በሁለተኛው ዓመቴ ለአንድ አስጎብኚ አንድ ሺህ ቢዝነስ ካርድ አሳተምኩ። ወደ ሰሜን ተራሮች ቱሪስት የሚወስድ ልጅ ነው። ዲዛይኑን በስልክ አሳየሁት፣ "ፐርፌክት!" አለኝ፣ ታተመ። ሁለት ቁጥር ቦታ ተቀያይሯል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አይቶ ያለፈው እሱ ነው። ማን ይክፈል? ተከራከርን። በመጨረሻ እኔ ከፈልኩ፤ ምክንያቱም "አይቼዋለሁ" ማለቱን የሚያሳይ ምንም ነገር አልነበረኝም።

አሁን ያለ ፊርማ አላሳትምም። ዲዛይኑን በሚታተምበት መጠን በወረቀት አወጣለሁ። ደንበኛው ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ቀኑን በጣቱ እየተከተለ ያነባል፤ ከዚያ ይፈርማል። ከሩቅ ያለ ከሆነ በቴሌግራም "አይቼዋለሁ፣ ይታተም" ብሎ እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ። ድምፅ ብቻ ከላከ "በጽሑፍ ይሁንልኝ" እላለሁ። መጀመሪያ ላይ ይከፋቸዋል፤ "አታምነኝም እንዴ?" ይላሉ። "የማላምነው ራሴን ነው" ስላቸው ይስቃሉ፤ ይፈርማሉ።

በዚሁ ላይ ንግድ ፈቃዱን አስመጥታችሁ እዩ። የምሬን ነው። ሰውየው "ሥላሴ" የሚለውን በአፉ ነው የሚነግራችሁ። ፈቃዱ ላይ በየትኛው "ሰ" እንደተጻፈ አይነግራችሁም። "ፀሐይ" ነው ወይስ "ጸሃይ"? ታፔላው በአንዱ፣ ማህተሙ በሌላው፣ ደረሰኙ በሦስተኛው ሲሆን ደንበኛችሁ ባንክ ወይም ጨረታ ላይ ሄዶ ጥያቄ ሲነሳበት የሚያስታውሰው እናንተን ነው። በደግ አይደለም ታዲያ።

አሁን ገንዘብ። እኛ አገር ዲዛይነሩን የሚገድለው ይሉኝታ ነው። ሰውየው የአባትህ ጓደኛ ነው፣ ቡና ጋብዞሃል፣ "እንተዋወቅ የለም ወይ" ብሎሃል፤ ከዚያ ቀብድ ብሎ መጠየቅ ነውር ይመስላል። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል ሳልጠይቅ ሠራሁ። የሠራሁትን ወስደው ያልከፈሉኝ አሉ፤ የባሰው ግን እነሱ አይደሉም። የባሰው ሥራው ተሠርቶ ካለቀ በኋላ "ትቼዋለሁ" ያሉት ናቸው። ቀብድ ያልከፈለ ሰው መተው ምንም አይከብደውም።

ቀብድ የመጠየቂያ ብልሃቱ ቶሎ ማለት ነው። ዋጋ በምትናገሩበት በዚያው አረፍተ ነገር ውስጥ ይግባ። "ይህን ያህል ነው፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ስታዩት።" ትንፋሽ ሳትወስዱ። ዋጋውን ተናግራችሁ ዝም ካላችሁ በኋላ ቀብዱን ለብቻው ብታነሱት ግን ልመና ይሆናል። በቴሌብር አሁኑኑ መላክ ስለሚቻል "ብር አልያዝኩም" የሚለውም ቀርቷል። እኔ የመጨረሻውን ፋይል ቀሪው ሳይገባ አልሰጥም። የማሳየው በላዩ ላይ የእኔ ስም የተጻፈበትን ነው።

ለዘመድስ? እዚህ ላይ የራሴ ሕግ አለኝ፤ ብዙ ሰው አይስማማኝም። ወይ በነፃ እሠራለሁ ወይ በሙሉ ዋጋ። በግማሽ ዋጋ አልሠራም። በግማሽ የሠራሁለት ዘመድ ውለታ እንደዋለልኝ ነው የሚቆጥረው፤ እኔም እንዲሁ፤ ሁለታችንም ስንቀያየም እንኖራለን። ለዕድር፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት፣ ለለቅሶ የሚሆን ነገር በነፃ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ደረሰኝ መሰል ወረቀት ላይ ሙሉ ዋጋውን እጽፍና ከሥሩ "ስጦታ" እላለሁ። በነፃ የተሠራ ነገር ዋጋ የሌለው እንዳይመስል።

ወደ እትዬ ልጆች ልመለስ። አራቱም አስተያየት ነበራቸው። ትልቁ ግንቡ ይመለስ አለ። ሴቷ ክሩ ሮዝ ይሁን አለች። ሦስተኛው የራሱን ሎጎ በስልኩ ሠርቶ ላከ። ትንሹ "ይሄ አሪፍ ነው" አለ፤ እሱን ወደድኩት። ደግነቱ እትዬ የመጨረሻውን ቃል ለማንም የሚሰጡ ሴት አልነበሩም። "ሱቁ የማን ነው?" ብለው ዘጉት።

ሁሉም እንዲህ ዕድለኛ አይደለም። ጨጨላ አካባቢ ለተከፈተ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የሠራሁት ሎጎ አሥራ አንድ ጊዜ ተቀይሯል። የሚያሠራኝ ታናሽዬው ነው፤ ብሩን የሚልከው ግን ዋሽንግተን ያለ ታላቅ ወንድሙ ነው። ይህን ያወቅሁት በአራተኛው ቅያሬ ነው። ታናሽዬው ቀን ላይ "ጨርሰናል" ይላል። ሌሊት፣ እኛ ተኝተን እነሱ ዘንድ ገና ቀን ሲሆን፣ ከታላቅየው የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ይገባል። ጠዋት ታናሽዬው አፍሮ ይደውላል። "ወንድምዓለም፣ አንዲት ነገር ብቻ..."

በመጨረሻ ዋሽንግተን ደወልኩ። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በቪዲዮ። ሃያ ደቂቃ አወራን። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ዲዛይኑም አልነበረም የከነከነው፤ ብሩ የት እንደሚገባ ሳያይ መላኩ ነበር። በየሌሊቱ አስተያየት የሚልከው ቤቱን ከሩቅ ለመንካት ያህል ነው። የአያታቸውን የቤት በር ፎቶ ላከልኝ፤ በዚያው ሠራነው፤ አለቀ። ያን ስልክ መጀመሪያ ቀን ብደውል ኖሮ አሥሩ ቅያሬ አይኖርም ነበር።

ስለዚህ ከቀብዱም በፊት "የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ማነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን ጻፉት። ውጭ አገር ከሆነ ሥራው ሳይጀመር አናግሩት። ሦስት ቅያሬ በዋጋው ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ በተጨማሪ ይከፈላል ብላችሁም ጻፉ። እኔ ከአራተኛው ጀምሮ የሚያስከፍለውን በትክክል የወሰድኩት ሁለቴ ብቻ ነው። መጻፉ ግን ሰውን ያሳስበዋል፤ አስተያየቱን አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይልካል።

ደንበኛው ሁልጊዜ አይሳሳትም፤ እኔም የተሳሳትኩባቸው አሉ። ለአንድ ሆቴል ሙሉ ነገር ስሠራ፣ ሜኑውን፣ ካርዱን፣ ሶፍቱን፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች እንደ ጥለት ደርድሬ ሶፍቱ ላይ አስገባሁ። እነዚያን ፊቶች የማያውቅ የለም፤ ትልልቅ ዓይን፣ ከጎንና ከጎን ክንፍ። ሥራው ያምራል፤ ሆቴሉም ወዶታል። ናሙናውን ቤት ይዤ ሄጄ ለእናቴ አሳየኋት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። "ይሄን ሰው አፉን ጠርጎ መሬት ሊጥለው?" አለችኝ።

ሌላ ነገር አልጨመረችም። በማግሥቱ ሆቴሉ ሄጄ ይቀየር አልኩ። ገንዘቡ ከእኔ ወጣ። የተቀደሰ ሥዕል የሚጣል፣ የሚረገጥ፣ የሚጠረግበት ነገር ላይ አይገባም። ይህን የትኛውም የዲዛይን መጽሐፍ አያስተምርም፤ እዚህ ሥራ የሚሠራ ሰው ግን ሳይነገረው ማወቅ ነበረበት። አሁን በሶፍቱ ላይ ያለው የመሶብ ስፌት ጥለት ነው።

ቀለም ላይ አጠር ላድርገው። ደንበኛው በስልኩ ያየው ሰማያዊ ሲታተም ወደ ሐምራዊ ቢያደላ አይግረማችሁ። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየው፤ ማተሚያ በአራት ቀለም ነው የሚቀባው። ከመጀመሪያው በሲኤምዋይኬ፣ በእነዚያ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ማለት ነው፣ ሥሩ፤ ለደንበኛውም ከስልክ ይልቅ ወረቀት አሳዩት። "ወርቃማ ይሁንልኝ" የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ቁርጡን ንገሩት። በአራቱ ቀለም ወርቅ አይወጣም፤ የሚወጣው የሽሮ ቀለም ነው። የእውነት ወርቅ ከፈለገ ፎይል በሚባል በተለየ የሚያብለጨልጭ ስስ ሽፋን ነው፣ ዋጋውም የተለየ ነው። በእጅ የሚያዝ ወረቀት ሦስት መቶ ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለው የነጥብ ብዛት) ይሁን፤ ከሩቅ የሚታይ ባነር መቶም ይበቃዋል። ዳር ዳሩን ለመቁረጫ ሦስት ሚሊ ሜትር ትርፍ ተዉ።

ከፒያሳ ስትወርዱ የቆዩ ባነሮችን አስተውሉ። ሁሉም ሰማያዊ ሆነዋል። ቀዩና ቢጫው በፀሐይ ቀድሞ ይሄዳል፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይቀራል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከሁለት ሺህ አንድ መቶ ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትምርም። ውጭ ለዓመታት የሚሰቀል ነገር ላይ ዋናውን ስም በቀይ ብቻ አትጻፉ።

ጥር ሲመጣ ሌላ ዓለም ነው። ጥር 7 ሥላሴ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ በዚያ ላይ ሠርግ። ሁሉም ባነር፣ ሁሉም ቲሸርት "ለነገ" ነው። መብራት የሚጠፋውም ያኔ ነው፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኛል። እኔ ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ አዲስ ሎጎ አልቀበልም፤ ሰው ተጣድፎ ያሠራውን ሎጎ የካቲት ላይ ይጠላዋል። ባነርና ቲሸርት ብቻ። የቀረው ሁሉ ከጥምቀት በኋላ። ሁሉንም በሁለት ፍላሽ አስቀምጣለሁ፤ አንዱ ኪሴ ውስጥ ነው የሚያድረው።

ስታስረክቡ ደግሞ ሎጎውን በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትላኩት፤ ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩት። ቬክተሩን (ምንም ቢተልቅ የማይደበዝዘውን ፋይል)፣ ፒዲኤፉን፣ መደብ የሌለውን ፒኤንጂ፣ ከዚያ የቀለሙ ቁጥርና የፎንቱ ስም ያለበት አንድ ገጽ። በኢሜይልም፣ በፍላሽም። እንዲያም ሆኖ ከሦስት ዓመት በኋላ ደንበኛችሁ ከስልኩ ስክሪንሾት አንስቶ ወስዶ በአራት ሜትር ባነር ያሳትመዋል። ታልፋላችሁ፤ ታያላችሁ፤ ዝም ትላላችሁ።

"እንደ ስታርባክስ አድርገህ ሥራልኝ" የሚሉም አሉ። አረንጓዴ ክብ፣ መሃሉ ላይ ሴት፤ ጀበና የያዘች። እኔ ፎንቱንም ክቡንም አልነካም። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፤ የሰው ምልክት አስመስሎ መሥራት ነገ የሚያስከስሰው ደንበኛውን ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ መልሰው "እኔስ የራሴን ማስመዝገብ እችላለሁ?" ይሉኛል። ይቻላል። የሚመዘገበው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው፤ ለሰባት ዓመት ይጸናል፣ ከዚያ ይታደሳል። ግንብ ብቻውን ያለበትን ሎጎ ይዞ ሄዶ "የእኔ ነው" ማለት ግን ይከብዳል።

እትዬንም ያኔ አስመዝግቡት ብያቸው ነበር። "ክርን ማን ይሰርቃል?" ብለው ሳቁብኝ። ባለፈው ሐሙስ ደወሉ። ከእሳቸው ሦስት ሱቅ ወረድ ብሎ የተከፈተ ባልትና ፌስታሉን በቢጫ ክር ማሰር ጀምሯል። "ልጄ፣ ያ ያልከኝ ወረቀት ምን ምን ይፈልጋል?" አሉኝ። ነገ ጠዋት ንግድ ፈቃዳቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ያንን ባለ ቢጫ መስመሩን ስቲከር ፋይል ከነቀኑ ፈልጌ አግኝቻለሁ።